ከታች የታየ አውሮፕላን

የአውሮፕላን ታሪክ ሁለት ዓይነት ባለታሪክ አለው፤ አንዱ በላዩ ተቀምጦ ያበረረው፣ ሌላው ከሥሩ ቆሞ ያንጋጠጠው። መጻሕፍቱ በአብዛኛው የተጻፉት በፊተኛው ነው። የሞተሩን ጉልበት፣ የክንፉን ርዝመት፣ የአብራሪውን ስምና ማዕርግ የምናውቀው ከእርሱ ነው። ኋለኛው ብዙ ጊዜ አልጻፈም። እርሱ የሚያስታውሰው ድምፅንና ጥላን፣ ከብት የደነበረበትን ማሳ፣ ሰው የተሸሸገበትን ዋሻ ነው። ስለዚህ ስለ ኋለኛው ባለታሪክ ጥቂት እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ ከእንግሊዝ አገር የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው።

በዚያ የሚኖር አብሮ አደጌ በ2007 ዓ.ም. ክረምት አንዱን ቅዳሜ እንዴት እንዳሳለፈ ጽፎልኝ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በአንድ መኪና ተሳፍረው ከአንዱ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ወደ ሌላው ሲዞሩ ዋሉ፤ አሮጌ የጦር አውሮፕላኖችን ለማየት ብቻ። በኦልድ ዋርደን የሣር ሜዳ ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ፣ ክንፋቸው በሸራ የተለበጠ አውሮፕላኖች እንደ ዶሮ ጫጩት ተጠብቀው ይኖራሉ። በዳክስፎርድ ደግሞ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. እንደገና የበረውን ብሌንሃይም የተባለ ቦምብ ጣይ አዩ። አዛውንቶች ከአጥሩ ሥር በርጩማ ዘርግተው፣ የሻይ ፔርሙዝ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በጅራቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በማስታወሻ ደብተር ይመዘግባሉ አለኝ። ደብዳቤውን የጨረሰው በጥያቄ ነው፤ «እኛ አገር ቢሆን ግን የት ሄደን ምን እናይ ነበር?»

ጥያቄው እንደ ቀልድ የተጻፈ ቢሆንም እኔን ግን ሰላም ነሣኝ። ግራና የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙም ሳትርቅ፣ ማሽላና ጤፍ በሚበቅልበት ሞቃታማ ሸለቆ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን የሩቅ ሰው ሰምቶት ከሆነ «የቆቦ ግራና ሸለቆ» በሚለው የመስኖ ልማት ስም ይሆናል። ይሁንና ሸለቆው ራሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ፣ በምዕራብ በኩል የወሎ ተራሮች እንደ ግድግዳ የቆሙለት ረጅም መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ሰማይ ላይ ያለፉት አውሮፕላኖች ደግሞ የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ ለመናገር የሚበቁ ናቸው።

ስለዚህ በጥር 2008 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ከአጎቴ ጋር ሆነን፣ የእኛን የአንድ ቀን ጉብኝት ጀመርን። አጎቴ በደብረ ዘይት አየር ኃይል ለብዙ ዓመታት በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ያገለገሉ፣ በጡረታ ወደ ትውልድ ቀያቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ሐሳቤን ሳዋያቸው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እኛ ጋ እኮ አውሮፕላኑ የለም፤ ያለው ሜዳው ነው» አሉኝ። ከዚያም ትንሽ ዝም ብለው «እሺ፤ ሜዳውን እንይ» አሉ። ከግራና መርሳ፣ ከመርሳ በሲሪንቃ አድርገን ወልድያ፣ ከወልድያ በሚኒባስ ወደ ሰሜን ሄድን። ያ ዓመት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናብ የቀረበት ነበርና ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው አገዳ ቀጥኖ፣ ቀጥ ብሎ ደርቆ ይታይ ነበር።

በመንገድ ላይ ያወራነው ከመጀመሪያው አውሮፕላን ተነሥተን ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፕላን በቅርብ ያዩት በ1915 ዓ.ም. ወደ ዓደን በሄዱ ጊዜ ነበር፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባሳያቸው ትርኢት ተደንቀው ራሳቸውም ተሳፍረው በረሩ። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። በኢትዮጵያ ምድር ያረፈችው የመንግሥት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን እርሷ ናት። አዲስ አበባ በደስታ ተቀበለቻት። መጻሕፍት ይህን በዓል አድምቀው ይተርኩታል።

ሆኖም አውሮፕላን በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የዋለው ዓመት ሳይሞላ ነው፤ የዋለውም በወንድም ላይ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በቤጌምድርና በወሎ ወሰን፣ አንቺም በተባለው ሜዳ፣ የራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊትና የማዕከላዊው መንግሥት ሠራዊት ተጋጠሙ። ከውጊያው ቀደም ብሎ ከአየር ላይ የውግዘት ወረቀት ተበትኖ ነበር፤ በውጊያውም ቀን ቦምብ ተጣለ። ቦምቡ የገደለው ሰው ብዙ ባይሆን እንኳ ያደረሰው ድንጋጤ የማይለካ ነበር። የአገሬው ተዋጊ ከፊቱ የሚመጣን ጠላት መግጠም ያውቅበታል፤ ከራሱ በላይ የሚመጣን ግን በምን ጋሻ ይመክተው? ራስ ጉግሣ በዚያ ቀን ተገደሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ተፈሪም የንጉሠ ነገሥትነቱን መንገድ ያዙ።

የመንግሥቱን ሠራዊት የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። ይህን ስም እናስታውሰው፤ ተመልሰን እንመጣበታለንና።

አላውሃን ተሻግረን፣ ጎብዬን አልፈን፣ ሮቢት ላይ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። በጎጆዋ ጥላ ሥር ቡና ከምታፈላ አንዲት እናት ጋር ጨዋታ ጀመርን። አጎቴ የአውሮፕላን ነገር ሲያነሡባት ሳቅ አለችና እናቷ ትነግራት የነበረውን ነገረችን። በጣልያን ጊዜ አውሮፕላን መምጣቱን ከሰው ቀድሞ የሚያውቀው ውሻ ነበር፤ ውሻው ጆሮውን አቁሞ ማላዘን ሲጀምር ሴቶች እሳት ያጠፋሉ፤ ጭስ ከታየ መንደሩ ይመታልና። ነጭ ልብስ ከአጥር ላይ ይነሣል። ልጆች ወደ ማሽላው ውስጥ ይሮጣሉ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ ቀን ቀን ነጭ ነጠላ አታሰጣም ነበር» አለችን። ይህን በየትኛውም የበረራ ታሪክ መጽሐፍ አላነበብኩትም።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ወረራውን ሲጀምር በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ነበሩት። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ቁጥር ከአሥራ ሁለት ገደማ አይበልጥም ነበር፤ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ፣ ሰውና ደብዳቤ ማመላለሻዎች ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ተደበደበች። ከተማዋ ተቃጠለች፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያነገበው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ዝነኛ ፎቶግራፍ ከዚያ ጥቃት ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ያ ፎቶግራፍ ዘወትር የጀግንነት ምስል ሆኖ ይታየናል፤ ለእኔ ግን ሌላም ነገር አለበት። በሥዕሉ ውስጥ አውሮፕላኑ አይታይም። የሚታየው የሚያንጋጥጥ ሰው ብቻ ነው። ንጉሥም ሆነ ገበሬ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ከታች ነበር።

ከላይ የነበረውስ ምን ያይ ነበር? የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ ከወንድሙ ከብሩኖ ጋር በሰሜኑ ግንባር በቦምብ ጣይ አብራሪነት ተሰልፎ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ በረራው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ቦምብ የወደቀበት የፈረሰኛ ጭፍራ ሲበታተን እንደሚፈካ ጽጌረዳ እንደ ታየው፣ ነገሩም እንዳስደሰተው ይተርካል። ይህ አባባል በዓለም ሁሉ የታወቀ ነውርን ሆኖ ቀርቷል። አጎቴ ይህን ሲሰሙ አልተቈጡም። «ከሁለት ሺህ ሜትር ላይ ሰው ፊት የለውም» አሉ። «ፊቱን ብታይ አትጥለውም፤ ስለዚህ ማሽኑ የተሠራው ፊት እንዳታይ ሆኖ ነው።» ዕድሜያቸውን በሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ይህን መናገራቸው ከየትኛውም ተግሣጽ ይልቅ ከብዶ ተሰማኝ።

ቆቦን፣ ዋጃን፣ ጥሙጋን አልፈን አላማጣ ስንደርስ ረፋዱ ተጋምሶ ነበር። ከአላማጣ በኋላ መንገዱ ወደ ግራ ካሱ ተራራ ይወጣል። ጣልያኖች የቀየሱት ይህ ጠመዝማዛ እንደ እባብ ተጠቅልሎ፣ ቆላውን ከታች ጥሎ፣ ደጋው ላይ ያወጣል። ከላይ ሆነን ወደ ኋላ ስንመለከት የራያ ሜዳ እስከ ዓይናችን ዳር ተዘርግቶ ታየን። አጎቴ «አሁን አብራሪ ሆንክ» ብለው ቀለዱብኝ። በእርግጥም ከዚያ ላይ መንደሮቹ ነጠብጣብ፣ ሰዎቹም ምንም ነበሩ።

ቆረም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። በ1928 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈር በአካባቢዋ ነበር። የካቲት 25 ቀን፣ በቆረም አጠገብ የሰፈረው፣ ዶክተር ጆን ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በአውሮፕላን ተደበደበ። በመጋቢት ወር ደግሞ፣ ከማይጨው ጦርነት ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ቀይ መስቀል የተሳለባት አንዲት ፎከር አውሮፕላን በቆረም ሜዳ ላይ ቆማ ሳለች ተመታች። አብራሪዋ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነበር። ከእርሱ ጋር ከደሴ የመጣው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ፣ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ማርሴል ጁኖ፣ ያየውን ኋላ በመጽሐፉ ተርኮታል። በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች በየሜዳው ወድቀው በአማርኛ «አቤት» እያሉ ሲጣሩ መስማቱን ሳይረሳ ጽፏል። አንድ የባዕድ አገር ሐኪም ከቋንቋችን ያስቀረው ቃል ይህ ነው።

ያን ሜዳ ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። አንድ አዛውንት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወዳለ ሰፊ መስክ በዱላቸው አመለከቱን፤ አባታቸው «የሐኪሙ አውሮፕላን የነደደችበት» እያሉ ያሳዩአቸው እንደነበር ነገሩን። መስኩ ግጦሽ ነበር። አንዲት ልጅ በጎች ትጠብቃለች። አንድም ምልክት፣ አንድም ድንጋይ፣ አንድም ጽሑፍ የለም።

አጎቴ ዱላቸውን ተደግፈው መስኩን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለኩት። ቆም ብለው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አዩ፤ አፈሩን በጫማቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉት። ከዚያ መናገር ጀመሩ። «እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፤ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላን ሲነሣ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። አብራሪው ከአየር ላይ ሆኖ ይህን መስክ መምረጡ ሙያ እንደ ነበረው ያሳያል፤ በዚያ በኩል ክፍት ነው፤ ሲነሣ ተራራ አይገጥመውም።» አስከትለውም የፎከሯ አካል በብረት ቱቦ ላይ በተወጠረ ሸራ፣ ክንፏም ከእንጨት የተሠራ መሆኑን፣ እሳት ከነካት በደቂቃዎች ውስጥ አመድ እንደምትሆን ነገሩኝ። በጉ የሚግጥበት መስክ በፊቴ ወደ አውሮፕላን ማረፊያነት ተለወጠ። ወዳጄ በእንግሊዝ አገር አውሮፕላን አየ፤ እኔ ግን አውሮፕላን የሌለበት ሜዳ እንዴት እንደሚነበብ አየሁ።

ከቆረም ትንሽ ራቅ ብሎ የአሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ማይጨው ላይ የተሸነፈው ሠራዊት ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ፣ መጋቢት 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተመታ። የማይጨው ጦርነት የዋለው መጋቢት 22 ቀን ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ አንቺም ላይ የራስ ጉግሣ ሠራዊት ከአየር የተደበደበውም መጋቢት 22 ቀን ነበር። በመካከሉ ያለፈው ልክ ስድስት ዓመት ነው። ያን ጊዜ አውሮፕላን ረድቷቸው ያሸነፉት ሙሉጌታ፣ አሁን ራስ ሙሉጌታ፣ ከአምባ አራዳም ሽንፈት በኋላ ልጃቸውን አጥተው በማፈግፈግ ላይ ሳሉ በየካቲት 1928 ዓ.ም. በጣልያን አውሮፕላን ጥይት ወደቁ። ታሪክ እንዲህ ያለ ምፀት ሲገጥመው ፍርድ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ፍርድ አልለውም። ነገር ግን ከላይ መሆን ለማንም በቋሚ ርስትነት እንዳልተሰጠ ያሳያል፤ ዛሬ በላይህ የማይበር ነገ አይበርም ማለት አይቻልም።

የእንግሊዙ ብሌንሃይምም በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ቦታ አለው። በ1936 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣውን የወያኔ ዐመፅ ለመጨፍለቅ የኢትዮጵያ መንግሥት እንግሊዝን ርዳታ በጠየቀ ጊዜ፣ ከዓደን የተነሡ የእንግሊዝ አየር ኃይል ብሌንሃይሞች መቀሌን ደበደቡ። ገበያተኛው ሕዝብ ተጎዳ። እንግዲህ በዳክስፎርድ አጥር ሥር የተቀመጡት አዛውንቶች ይህ አውሮፕላን አገራቸውን ከናዚ ለመከላከል ስላደረገው ተጋድሎ ያስባሉ፤ ውሸትም የላቸውም። መቀሌ ያለ አዛውንት ግን ያንኑ አውሮፕላን ሲያስብ የሚያስታውሰው ገበያውን ነው፤ እርሱም ውሸት የለውም። ማሽኑ አንድ ሆኖ ሳለ ትዝታው የተለየው አንደኛው ከፎቁ፣ ሁለተኛው ከምድር ቤቱ ስለ ተመለከተው ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አላማጣ ወረድን። እዚያ ደግሞ ሰማዩ ሌላ ፊት ነበረው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቆረም መጠለያ ምስል በቢቢሲ ቴሌቪዥን ለዓለም ከታየ በኋላ የብዙ አገር አውሮፕላኖች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአላማጣ ሜዳ ትናንሽ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ያርፉ ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ከ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ጀምረው እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ድረስ ከ30 ሺህ ቶን በላይ እህልና ቁሳቁስ አመላለሱ። መኪና በማይደርስባቸው የደጋ መንደሮች ከምድር 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው እየበረሩ የእህል ጆንያ ይጥሉ ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው የመጣያውን ቦታ ያመለክታሉ፤ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎችም በሥራው ተካፍለዋል። ያ ጊዜ ቀዝቃዛው ጦርነት የጋለበት ነበር፤ ከሁለቱም ጎራ የመጡ ወታደሮች በአንድ የወሎና የሸዋ ሰማይ ሥር እህል ለመጣል መተባበራቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አጎቴ የጆንያውን ብልኀት ነገሩኝ። እህሉ በአንድ ጆንያ አይሞላም፤ ጆንያው በሌላ ጆንያ ውስጥ፣ አንዳንዴም በሦስተኛ ውስጥ ይገባል። መሬት ሲመታ የውስጡ ይፈነዳል፤ የውጪው ይይዘዋል። «ቦምብ እንዲፈነዳ ይሠራል፤ ይህ ደግሞ እንዳይፈነዳ ይሠራል። ከዚህ በቀር የመጣሉ ሒሳብ አንድ ነው፤ ፍጥነት፣ ከፍታ፣ ነፋስ» አሉ። ከዚህ ጋር አንድ ስም ጨመሩልኝ። ቮን ሮዘን፣ ያች ፎከር በቆረም የነደደችበት ሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያደራጀ ነው፤ አጎቴ የተማሩበት ቤት መሠረት የእርሱ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ረኀብም ጊዜ በትናንሽ አውሮፕላኖች ከረጢት እህል ይጥል ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት መባቻ ጎዴ ላይ ተገደለ። የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አለቃ የነበረው የኸርማን ጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት የእኅት ልጅ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሰማዩን ለሌላ ዓላማ ለመመለስ የታገለ ይመስለዋል።

በአላማጣ ገበያ ያገኘነው አንድ ጎልማሳ በ1977 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲመጣ አያቱ በላዩ ወድቀው መሬት ላይ እንዳጣበቁት፣ ጆንያው ሲወድቅ እንደ ቦምብ እስኪፈነዳ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ጠበቁ ነገረን። አያቱ ማይጨው የዘመቱ ነበሩ። ስንዴው ከተለቀመ በኋላ እንኳ ሳይቀምሱ አደሩ፤ ይመረዛል ብለው። እነሆ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት አውሮፕላኖች ተገናኙ፤ ሃምሳ ዓመት ግድም ተራርቀው።

ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ሚጎች በዚሁ ሰሜን ሰማይ ላይ ቦምብ ይዘው ይመላለሱ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን በገበያ ቀኗ ተደበደበች። አማፅያኑ በያዙት አገር ገበያ በሌሊት ይቆም ነበር፤ ሰው በፋኖስ ጤፍ ይሰፍራል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይበተናል። አጎቴ ስለዚያ ዘመን አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። የጠገኑት አውሮፕላን ወዴት ይበር እንደ ነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ጉዞ በኋላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ይህ መንገድ በሙሉ፣ ከመርሳ እስከ ቆረም፣ እንደገና የጦር አውድማ ሆነ። ሰው አልባ አውሮፕላን የሚባል አዲስ ድምፅም መጣ። ያ ልጅ አሁን የሚያንጋጥጠው አብራሪ ወደሌለበት ነገር ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣልያን ወደ አገሯ መመለሷ ተበሠረ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. የሠራት፣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ስም የያዘች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ጣልያኖች ማርከው ወስደዋት፣ ሮም አጠገብ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆይታለች። መመለሷ አስደስቶኛል። አገሩ ሲወረር እንኳ ክንፍ ለመሥራት የሞከረ ትውልድ መኖሩን የምትመሰክር ናት። ወዳጄም እንግዲህ ወደ አገር ቤት ሲመጣ የሚያየው አንድ አውሮፕላን አለው።

ሆኖም ፀሐይ የተመለሰችው የት እንደ ነበረች ስለሚታወቅ ነው። ቁጥርና መዝገብ፣ ጠባቂም ነበራት። የቆረሙ መስክ ግን መዝገብ የለውም። ያሳየን አዛውንት ከአባታቸው ሰሙ፤ በጠባቂዋ ልጅ ግን ከማን እንደምትሰማ አላውቅም። መስኩን በእርምጃ ለክቶ የሚያነብልን አጎቴም ዛሬ በሕይወት የሉም። እንግሊዞች አውሮፕላኖቻቸውን የሚጠብቁት ሀብታሞች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ከአጥሩ ሥር ስለ ተቀመጠ ነው። ያ ደግሞ ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ በላይ አያስወጣም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በየወረዳው ያለ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን አንድ ቀን ይዞ ይውጣ። አንቺም ላይ፣ ቆረም ላይ፣ አሸንጌ ዳር፣ አላማጣ ላይ፣ አውሮፕላን ያረፈበትን፣ የነደደበትን፣ ቦምብ ወይም ስንዴ የጣለበትን መስክ ከሽማግሌዎች ጠይቀው በደብተር ይጻፉት። ማን እንደ ጣለው ብቻ ሳይሆን ማን ከታች እንደ ነበረ፣ የት እንደ ተሸሸገ፣ ውሻው ስንት ሰዓት እንዳላዘነ ሳይቀር ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ወይም ሕዝብ ድንጋይ ያቆምበት እንደ ሆነ ያቁም። ባያቆምም ጽሑፉ ይበቃል። ብዙዎቹ መስኮች ዘንድሮም ይታረሳሉ፤ አራሹ በምን ላይ እንደሚያርስ ማወቅ ይገባዋል።